ጥርኝን በቤት ስለ ማኖር፤ ማደሪያው፣ ሙቀቱና አያያዙ እንዴት ሊሆን እንደሚገባ

ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት መካከል ሳይታረድ፣ ሳይጫንና ሳይጠመድ ለባለቤቱ ገንዘብ የሚያስገባ ጥርኝ ነው። ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት የሚወጣው ዝባድ ለሽቶ ሥራ የሚፈለግ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያ ይህን ሸቀጥ ለውጭ አገር በማቅረብ ከዓለም የመጀመሪያውን ስፍራ ይዛ ኖራለች። በጅማ፣ በኢሉ አባቦራ፣ በወለጋና በሲዳማ ጥርኝ ማኖር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ንግድ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ እየደከመ ሄዷል። የመድከሙም ምክንያት ዝባዱ ስለ ጠፋ ወይም እንስሳው ስላለቀ አይደለም። አንደኛው ምክንያት በፋብሪካ የሚሠራ ምትክ መገኘቱ ነው፤ ሁለተኛውም ጥርኙ የሚኖርበት ማጎሪያና የሚያዝበት ሁኔታ በገዢዎቹ ዘንድ መነቀፉ ነው። ምትኩን ማገድ ለማንም አይቻልም። አያያዙን ማሻሻል ግን በባለቤቱና በአገሩ ሹም እጅ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ጥርኝ በሚኖርበት አገር ሁሉ ያሉ አስተዳዳሪዎች፣ ባለይዞታዎችና የወረዳ ሹማምንት ስለ እንስሳው ማደሪያ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ አያያዙ ሊያውቁት የሚገባው ከዚህ ቀጥሎ ተገልጿል።

1ኛ፤ ስለ ዝባድ ንግድ የቀድሞ ታሪክ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረች ጊዜ፣ ከተራራው ግርጌ ያለችው አሊዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የአዳልን በረሃ ካቋረጠ በኋላ ጭነቱን የሚያራግፈው በዚያ ነበር፤ ገበያዋም ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ወደ አንኮበር የወጣው በዚህ መንገድ ነው። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተንም በአሊዩ አምባ ተቀምጦ ያየውን በመጽሐፍ አሳትሟል።

ከደጋው ወደ ባሕር ከሚወርደው ጭነት መካከል የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ይገኝ ነበር፤ በዚያው መንገድ ሰውም እንደ ሸቀጥ ተነድቶ ይሸጥ እንደ ነበር የሚታወቅ ነው። ዝባዱ ይልቁንም ከእናርያና ከጊቤ ማዶ ካሉት አገሮች በቀንድ ታሽጎ ይመጣ ነበር። ለሲራራ ነጋዴ ከዝባድ የሚመች ሸቀጥ ጥቂት ነው፤ ሸክሙ ቀላል፣ ዋጋው ከባድ ነውና። አንድ በቅሎ የምትሸከመው ጥቂት ቀንድ ዝባድ ከብዙ ጭነት እህል ይልቅ ያወጣ ነበር። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን ንግዱ መንገዱን ለወጠ፤ የአሊዩ አምባም ገበያ የአካባቢዋ ሕዝብ መገበያያ ሆኖ ቀረ።

ይህ ታሪክ የተነሣበት ምክንያት አለው። የንግድ መንገድ እንደሚዞር ሁሉ የገዢም ፈቃድ ይዞራል። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ባቡሩን ሊመልሰው አይችልም ነበር፤ የዛሬው ባለ ጥርኝ ግን ገዢውን ያራቀውን ነገር ከቤቱ ሊያስወግድ ይችላል።

2ኛ፤ ስለ ጥርኝ ጠባይ

እንስሳን በሚገባ ለማኖር አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥርኝ በመልኩ ድመት ይመስላል እንጂ ድመት አይደለም፤ ጥፍሩንም እንደ ድመት ወደ ውስጥ አይሰበስብም። ቁመቱ እስከ ትከሻው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ከ67 እስከ 84 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጅራቱም ብቻውን ከ34 እስከ 47 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ከ7 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል የመሰለ ምልክት አለው፤ በጀርባው ላይም ረጅም ጠጉር ስላለው በሚደነግጥበት ጊዜ አቁሞት ከመጠኑ በላይ ትልቅ መስሎ ይታያል።

ከጠባዩ መካከል ለአያያዙ የሚጠቅሙት አራት ናቸው። መጀመሪያ፣ ጥርኝ የሌሊት እንስሳ ነው፤ ቀኑን በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ያሳልፋል፣ ማታ ወጥቶ ይመገባል። ሁለተኛ፣ ብቸኛ ነው፤ ከባልንጀራው ጋር መንጋ ሆኖ አይኖርም። ሦስተኛ፣ ዓይነ ምድሩን በየቦታው ሳይበትን በአንድ በለመደው ስፍራ ይጸዳዳል። በአማራ ክልል በሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሊቃውንት ይህን ስፍራ መርምረው፣ ጥርኝ የበላቸውን የዛፍ ፍሬዎች ዘር ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚያጓጉዝ አረጋግጠዋል።

አራተኛውና ዋነኛው ስለ ዝባዱ ነው። ጥርኝ ዝባዱን የሚያመነጨው ለሰው ጥቅም ሳይሆን ለራሱ ነው። በሚመላለስበት መንገድ ዳር ባለ ግንድ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ላይ የኋላውን እያሻሸ ይቀባዋል፤ በሽታውም ሌላው ጥርኝ የማን ግዛት እንደ ሆነ ያውቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በመናገሻ ሱባ ደን ይህን ምልክት ተከታትለው ጥናታቸውን በ2000 ዓ.ም. አሳትመዋል። እንግዲህ ዝባድ በዱር፣ በነጻነት፣ ያለ እሳትና ያለ ጢስ የሚመነጭ መሆኑ ግልጽ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከዚህ በታች የሚነገረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

3ኛ፤ ስለ ቀድሞው ልማድና ስለሚያመጣው ጉዳት

በልማዱ ጥርኝ የሚያዘው ከዱር በወጥመድ ነው፤ በቤት ተወልዶ የሚያድግ የለም። ከተያዘም በኋላ በቀጫጭን እንጨት በተሠራ ጠባብ ማጎሪያ ውስጥ ይገባል። ማጎሪያው እንስሳው ዞሮ እንዳይናከስና ባለቤቱ ከኋላ በኩል በቀላሉ እንዲይዘው ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ጥርኙ ወደ ኋላ መዞር አይችልም። ማጎሪያዎቹ በአንድ ጨለማ ቤት ውስጥ ይደረደራሉ፤ በቤቱም መካከል እሳት ሌትና ቀን ይነድዳል። ሙቀትና ጢስ ዝባዱን ያበዛል ተብሎ ይታመናልና በቤቱ መስኮት አይበጅም።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ብዙ ነው። አዲስ የተያዙት ጥርኞች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ከድንጋጤና ምግብ ከመተው የተነሣ ይሞታሉ። የቀሩትም በእንጨቱ ሲታሹ ቈዳቸው ይላጣል፣ ጥርሳቸው ይሰበራል፣ እግራቸው ይደነዝዛል፣ ዓይናቸው በጢስ ይታመማል። ባለቤቱ በሞተው ፈንታ ሌላ ለማጥመድ ወደ ዱር ይወጣል፤ ይህም ድካምና ወጪ ነው፤ የዱሩንም ጥርኝ ያሳንሳል። በጥንቃቄ የተያዘ ጥርኝ ግን በሰው እጅ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። እንግዲህ ዝባድ የሚሰጥ እንስሳ በየዓመቱ እየሞተ በሌላ ከሚተካ፣ አንዱ ብዙ ዓመት ቢኖር ለባለቤቱ የበለጠ ጥቅም እንዳለው ለማስረዳት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም።

4ኛ፤ ስለ ማደሪያው

የጥርኝ ቤት ከሰው መኖሪያና ከውሻ ጩኸት ራቅ ባለ፣ ውሃ በማይቋጥርበት ከፍ ባለ ስፍራ ይሠራል። ግድግዳው በጭቃ በሚገባ የተለሰነ፣ ጣሪያው ሣር ወይም ቆርቆሮ ይሁን፤ ቆርቆሮ ከሆነ በቆላ አገር የቀን ሙቀት እንዳይበረታ ከበታቹ ኮርኒስ ወይም ሣር ያስፈልገዋል። ከግድግዳው በላይ በኩል በሁለት ወገን ትይዩ የሆኑ የአየር መግቢያዎች ይከፈቱ፤ ወፍራም ወንፊት ሽቦም ይልበሱ። ጥርኝ በቀን ጨለማን ስለሚወድ ቤቱ ደብዘዝ ያለ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ጨለማና መታፈን የተለያዩ መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል።

ለእያንዳንዱ ጥርኝ የተለየ ማጎሪያ ይደረግ። ስፋቱም ከእንስሳው መጠን የተነሣ ይለካል። ጥርኝ ከነጅራቱ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ በአራት እግሩ ሊቆም፣ ያለ ችግር ሊዞር፣ ተዘርግቶም ሊተኛ ይገባዋል። ስለዚህ ርዝመቱ ከ2 ሜትር፣ ስፋቱና ቁመቱ ከ1 ሜትር ያላነሰ ማጎሪያ እንደ ዝቅተኛ መጠን ይቈጠር፤ አቅም ያለው ባለይዞታ ከዚህ የሰፋ ግቢ በሽቦ አጥሮ ቢሠራለት የተሻለ ነው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ወይም በድንጋይ የተነጠፈ ሆኖ በቀላሉ የሚታጠብ ይሁን፤ እግሩ የሚገባበት ክፍተት ያለው የዘንግ ወለል አይደረግ።

በማጎሪያው ውስጥ ሦስት ነገሮች አይታጡ። አንደኛው መደበቂያ ነው፤ ይኸውም አንድ በር ያለው የእንጨት ሣጥን ሆኖ ደረቅ ጭድ ይነጠፍበታል። ቀን የሚያስተኛው ስውር ስፍራ ያገኘ ጥርኝ ሰው ሲያይ እንጨቱን አይናከስም። ሁለተኛው የመጸዳጃ ስፍራ ነው፤ በአንዱ ማዕዘን አሸዋ ወይም አመድ ቢደረግለት ይለምደዋል፣ ጽዳቱም ለባለቤቱ ይቀላል። ሦስተኛው ልጡ የተላጠና የለሰለሰ ቋሚ ግንድ ነው፤ ጥርኙ እንደ ዱር ልማዱ ዝባዱን በዚህ ላይ ይቀባል። ከግንዱም ላይ በንጹሕ ማንኪያ ተፍቆ ሲሰበሰብ፣ እንስሳውን ሳይነኩ የሚገኝ ዝባድ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው መጠን ከልማዱ ቢያንስ እንኳ፣ አያያዙን ለሚጠይቅ ገዢ ያለ እፍረት የሚነገር ነው።

5ኛ፤ ስለ ሙቀት

በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ ስሕተት የሚበዛበት የእሳት ነገር ነው። ጥርኝ ብርድ የሚጎዳው እንስሳ መሆኑ እውነት ነው፤ እርጥበትና ነፋስ ሲበዛበት ይታመማል። ነገር ግን ብርድን መከላከል ሌላ ነው፤ ዝባድ ይበዛል ብሎ እንስሳውን ማጨስ ሌላ ነው። ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው ዝባዱ በዱርም ሳለ የሚመነጭ ስለ ሆነ ከእሳቱ የሚወጣ አይደለም። ጢስ ግን የእንስሳውን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ቤቱን የሚጠብቀውንም ሰው፣ ይልቁንም እሳት እያነደዱ የሚያድሩትን ሴቶችና ልጆች፣ እንዲሁ ይጎዳል።

የእሳቱ መጠን እንደ አገሩ አየር ሊለያይ ይገባል። ለዚህም አሊዩ አምባና አንኮበር ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከአሊዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ ወደ አንኮበር የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ከሞቃቱ አገር ወደ ጉም አገር ይገባል፤ ከዚያም አልፎ ደብረ ብርሃን ሲደርስ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያገኘዋል። እንግዲህ በአሊዩ አምባ ቈላ የሚኖር ጥርኝ በአብዛኛው ዓመት እሳት አያሻውም፤ የሚያሻው ጥላና አየር ነው። በአንኮበር ከፍታ ያለው በክረምትና በውርጭ ወራት ሌሊት ሙቀት ያስፈልገዋል። በደብረ ብርሃን ሜዳ ግን ጥርኝ ማኖር ወጪው የሚከብድ፣ እንስሳውም የሚጎሳቈልበት ስለ ሆነ ባይጀመር ይመረጣል። ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት እሳት ማዘዝ ለቈላና ለደጋ አንድ ዓይነት ዘር እንደ መስጠት ይቈጠራል።

ሙቀት በሚያስፈልግበት አገር የሚከተለው ይደረግ። በመጀመሪያ ሙቀትን ከመጨመር በፊት ያለውን መጠበቅ ይቀድማል፤ ይኸውም ግድግዳውን ማወፈር፣ ነፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ መለሰን፣ በመደበቂያው ውስጥ ደረቅ ጭድ አብዝቶ በየሳምንቱ መለወጥ ነው። ይህ ብቻ በብዙ ስፍራ ይበቃል። ካልበቃ ምድጃው በጥርኙ ቤት ውስጥ ሳይሆን ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ይሠራ፤ ወፍራሙ የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጥርኙ ቤት ይሰጣል፣ ጢሱም በወዲያኛው ክፍል በጭስ ማውጫ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ኃይል በደረሰበት ስፍራ ማሞቂያው ከማጎሪያው ውጭ ይሰቀል፤ እንስሳው ሽቦውን እንዳይናከስ ይጠንቀቁ።

የከሰል ፍም በተዘጋ ቤት ውስጥ ከቶ አይቀመጥ። ከሰል ጢስ የሌለው ስለ ሆነ ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ሽታና መልክ የሌለው መርዘኛ አየር ስለሚያወጣ በአንድ ሌሊት እንስሳውንም ጠባቂውንም ሊገድል ይችላል።

ሙቀቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ የሌለው ሰው እንስሳውን ይመልከት። ጥርኙ ተጠቅልሎ የሚንቀጠቀጥና ምግቡን የሚተው ከሆነ በርዶታል። አፉን ከፍቶ የሚያለከልክና ከመደበቂያው ወጥቶ በወለሉ ላይ የሚዘረጋ ከሆነ ሙቀቱ በዝቶበታል። ጸጥ ብሎ ቀኑን ተኝቶ ሲመሽ ለምግቡ የሚነሣ ከሆነ ተስማምቶታል።

6ኛ፤ ስለ ምግብና ስለ ውሃ

ጥርኝ ሁሉን የሚበላ እንስሳ ነው። በዱር ፍራፍሬ፣ አይጥ፣ ወፍ፣ እንቁላል፣ አንበጣና ሌሎች ነፍሳት፣ የሞተም ሥጋ ይበላል። ባለ ጥርኞች በልማድ የሚሰጡት የበቆሎ ገንፎ ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከቅቤ ጋር ነው። ይህ በራሱ መልካም ምግብ ነው፤ ስሕተት የሚሆነው ሥጋውና እንቁላሉ በችግር ቀን ቀርቶ ገንፎው ብቻ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ገንፎው እንዳለ ሆኖ በአገሩ የሚገኝ ፍራፍሬ፣ እንደ ሙዝ፣ ፓፓያና ሾላ ያለው ይጨመርበት፤ ሥጋውም ከታመመ ከብት የተገኘ አይሁን።

ምግቡ የሚሰጠው ሲመሽ ነው፤ የቀረው ጠዋት ተነሥቶ ሳሕኑ ይታጠብ። ንጹሕ ውሃ ሌትና ቀን ከፊቱ አይታጣ። አዲስ የተያዘ ጥርኝ ለጥቂት ቀን ምግብ ቢተው በግድ ማጉረስ አያስፈልግም፤ መደበቂያ፣ ጸጥታና አንድ የለመደ ጠባቂ ቢሰጠው ወደ ምግቡ ይመለሳል።

7ኛ፤ ስለ አያያዝና ዝባዱን ስለ ማውጣት

ዝባድ በየ9 እስከ 15 ቀን ይወጣል። በልማዱ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ተባብረው ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን ከማጎሪያው ስበው ከያዙ በኋላ፣ ከረጢቱን ከፍተው በቀንድ ማንኪያ ይፍቁታል። ጥርኙ በሚታገልበት ጊዜ እግሩ ሊወልቅ፣ ከረጢቱም ሊቈስል ይችላል፤ የቈሰለ ከረጢት መግል ስለሚይዝ ዝባዱ ይበላሻል።

የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ከሰፊው ማጎሪያ ጋር የተያያዘ፣ ከፊትና ከኋላ መዝጊያ ያለው ጠባብ ሣጥን ይሠራ። ጥርኙ ምግቡን አልፎ አልፎ በዚህ ሣጥን ውስጥ እንዲያገኝ ቢደረግ ያለ ግድ መግባትን ይለምዳል። ዝባድ በሚወጣበት ቀን ከገባ በኋላ መዝጊያው ይወርዳል፤ ሥራው በጸጥታ ተፈጽሞ ወዲያው ይለቀቃል። በዚህም ሥርዓት ጥበቱ የአንድ አፍታ እንጂ የዕድሜ ልክ አይሆንም። በልማዱና በተሻሻለው አያያዝ መካከል ያለው ዋና ልዩነት በዚህ አንድ ነገር ይጠቃለላል።

በሥራው ጊዜ የሚከተለው ይጠበቅ። እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ጥፍር ይቈረጥ። ማንኪያው ጠርዙ የለሰለሰ ይሁን፣ በፈላ ውሃም ይታጠብ። ከረጢቱ በቀስታ ይጫን እንጂ እስኪደማ አይፋቅ፤ የመጨረሻዋን ጠብታ የሚፈልግ ሰው የሚቀጥለውን ወር ያጣል። ከዚያ በኋላ በልማዱ እንደሚደረገው ጥቂት ንጹሕ ቅቤ ይቀባ። ቍስል ወይም እብጠት የታየበት፣ ምግብም የተወ ጥርኝ እስኪድን ድረስ ዝባድ አይወጣለት። ሥራውን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰዎች ቢሠሩት እንስሳው ስለሚለምዳቸው ድንጋጤው ይቀንሳል።

ጥርኝ የውሻ እብደት በሽታ ሊይዘው እንደሚችል ማንም አይርሳ። የተናከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጠይቅ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና ቀጠሮ አይሰጥም።

8ኛ፤ ስለ ዝባዱ ጥራትና ስለ ውጭ ገበያ

አዲስ የወጣ ዝባድ ፈዘዝ ያለ ቢጫና እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፤ አየር ሲያገኘው እየጠቈረ ይሄዳል። ባልተበረዘበት ጊዜ ሽታው የሚከብድና የሚያስቀይም ነው። በአልኮል እጅግ ተበርዞ ሲቀመም ግን መዓዛው ይለወጣል፤ የሌላውንም ሽቶ መዓዛ ቶሎ እንዳይጠፋ ያቈያል። ሽቶ ቀማሚዎች የሚፈልጉትም ስለዚህ ነው። ዝባዱ በታጠበና በደረቀ ቀንድ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ሆኖ፣ አፉ በሚገባ ታሽጎ፣ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ።

ንግዱን ከጥንት ጀምሮ ያዋረደው ነገር መደባለቅ ነው። ቅቤ፣ ሞራና ሌላም ነገር እየጨመሩ ክብደቱን ማብዛት የታወቀ ተንኰል ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የአምስተርዳም ነጋዴዎች ጥርኝ በከተማቸው እያኖሩ የሚሸጡት ዝባድ፣ ምንም እንኳ አገራቸው የጥርኝ አገር ባይሆን፣ ያልተደባለቀ በመሆኑ ከምሥራቅ ከሚመጣው የበለጠ ይከበር ነበር። የሮቢንሰን ክሩሶን መጽሐፍ የጻፈው እንግሊዛዊው ዳንኤል ዴፎም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1692 ለንደን አጠገብ 70 ያህል ጥርኞች ገዝቶ ነበር። በዚያው ዓመት ግን በብዙ ዕዳ ስለ ከሰረ ጥርኞቹ ለባለ ዕዳዎቹ ተያዙ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ በዚህ ንግድ የሚከብረው ጥርኝ ያበዛ ሳይሆን እምነት ያተረፈ መሆኑ ነው።

የዛሬው ገበያ ደግሞ ከቀድሞው የጠበበ ነው። የስዊስ ሊቅ ሊዮፖልድ ሩዚችካ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1926 የዝባድን ዋና መዓዛ የሚሰጠውን ሲቬቶን የተባለ ንጥረ ነገር አሠራሩን ገለጠ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ምትኩን በፋብሪካ መሥራት ተቻለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የዓለም የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር የኢትዮጵያን የጥርኝ አያያዝ መርምሮ ነቀፋውን በሰፊው አሳተመ፤ ቻኔል የተባለው የፈረንሳይ የሽቶ ቤትም ከ1998 ወዲህ በተፈጥሮው ዝባድ ፈንታ ምትኩን እንደሚጠቀም አስታወቀ። የቀሩት ገዢዎች የተፈጥሮውን ዝባድ ለጥራቱ የሚመርጡ ጥቂቶች ናቸው። እነዚህ ጥቂቶች ስለ ዝባዱ ንጽሕና ብቻ ሳይሆን ስለ እንስሳው አያያዝም ይጠይቃሉ። መልስ የሌለው ሻጭ እነርሱንም ማጣቱ አያጠራጥርም።

9ኛ፤ ከአስተዳዳሪዎችና ከወረዳ ሹማምንት የሚጠበቀው

ጥርኝ የዱር እንስሳ ስለ ሆነ ያለ ፈቃድ ሊያዝ አይገባም፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። ይሁን እንጂ ሕጉን በማስፈራራት ብቻ ለመፈጸም መሞከር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። ባለ ጥርኝ ቤቱን ለባዕድ ሰው ማሳየት አይወድም፤ ሹሙ ለመቅጣት መጣ የተባለ እንደ ሆነ ጥርኙን ወደ ባሰ ጨለማ ይሸሽገዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በአገሩ ሽማግሌዎችና በሙያው በታወቁ ሰዎች በኩል ማስረዳት፣ ከዚያም መቍጠርና መመዝገብ፣ በመጨረሻም ጊዜ ሰጥቶ ማጎሪያው እንዲሰፋ ማዘዝ ይገባል።

በየወረዳው አንድ ፈቃደኛ ባለ ጥርኝ ተመርጦ ከላይ በተነገረው ሥርዓት ቤቱን ቢሠራ፣ ጎረቤቶቹ በቃል ከሚነገራቸው ይልቅ በዓይናቸው ያዩትን ያምናሉ። የሞቱት ጥርኞች ብዛትና የወጣው ዝባድ ክብደት በአሮጌውና በአዲሱ ቤት ለአንድ ዓመት ተመዝግቦ ቢነጻጸር፣ ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ያስረዳል። እስከዚያ ድረስ ጥርኝ የሞተበት ሰው የአሟሟቱ ምክንያት ሳይታወቅ ሌላ እንዲያጠምድ አይፈቀድለት፤ የምታጠባ ሴት ጥርኝ በወጥመድ ብትገኝም ወዲያው ትለቀቅ።

ጥርኝን አጥብቦና አጭሶ ማኖር ለድካሙ የሚመጥን ዋጋ እንደማያመጣ ከዚህ በላይ ታይቷል። የእንስሳው ሰላም የባለቤቱ ገቢ፣ የባለቤቱም ታማኝነት የአገሩ ስም ነው። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ አስተዳዳሪዎች ከሚመጣው ክረምት አስቀድመው፣ ብርዱ ሳይበረታና ባለ ጥርኙ ወደ ጢሱ ሳይመለስ፣ ቤቶቹ እንዲለሰኑ፣ ምድጃው ከግድግዳው ወዲያ እንዲሆንና ማጎሪያዎቹ እንዲሰፉ ቢያደርጉ፣ ለጥርኙም ለባለቤቱም በጊዜው የተሠራ መልካም ሥራ ይሆናል።